የቆየ መኪና ሞተር ለምን ከመጠን በላይ ይግላል? ወደ ሙሳኽ ከመሄዳችን በፊት ማወቅ የሚገባን

እንደሚታወቀው በጋ በመጣ ቁጥር ከሻዓር ሃጋይ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወጣው የ1 ቁጥር መንገድ ዳር ኮፈናቸው ተከፍቶ እንፋሎት የሚተፉ መኪናዎችን ማየት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የቆዩ መኪናዎች ናቸው። አጠገባቸውም ልጆች፣ አንዳንዴም ሽማግሌዎች፣ በፀሐይ ቆመው እናያለን።

ከማኅበረሰባችን ብዙ ቤተሰቦች የሚነዱት አዲስ መኪና አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት በዚህ አገር በብዛት የተሸጡት ማዝዳ 3፣ ቶዮታ ኮሮላ፣ ሂዩንዳይ ጌትስና የመሳሰሉት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያለፉ ዛሬም ሰውን ሥራ ያደርሳሉ። ማለዳ አውቶቡስ ሳይጀምር ለፋብሪካ፣ ለጽዳት ወይም ለጥበቃ ሥራ ለሚወጣ ሰው መኪናው ቆመ ማለት የዕለት ደመወዙ ቆመ ማለት ነው።

የነዚህ መኪናዎች ቀለም ቢለቅም፣ ወንበራቸው ቢቀደድም፣ ሞተራቸው በእንክብካቤ ከተያዘ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ሙቀት ግን በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ የሙቀቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ርካሽ ዕቃ መሆኑ ነው፦ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ፊውዝ፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ። ይህ ትንሽ ዕቃ በጊዜው ሳይታወቅ ቀርቶ ሞተሩ ደጋግሞ ሲግል፣ ከጥቂት መቶ ሼቄል የማያልፈው ጥገና ብዙ ሺህ ሼቄል ይሆናል። ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሞተር ሲግል ምክንያቱ እንዴት እንደሚለይ፣ እንዲሁም በሙሳኽ የሚነገሩን የዕብራይስጥ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ በተቻለን መጠን እናብራራለን። መካኒክ እንድትሆኑ አይደለም፤ ለመካኒኩ ትክክለኛውን ነገር እንድትነግሩትና እርሱም የሚላችሁን እንድታመዛዝኑ ነው።

የማቀዝቀዣው አሠራር

በሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል የእሳቱ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ሙቀት መኪናውን የሚገፋው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ተሸክሞ ማውጣት አለበት። ፈሳሹን የሚያዘዋውረው የውሃ ፓምፑ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ቴርሞስታት የተባለው ትንሽ በር ተዘግቶ ፈሳሹን በሞተሩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈትና ፈሳሹ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። ራዲያተሩን መኪናው ሲሮጥ የሚመጣው ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። መኪናው ሲቆም ነፋስ ስለሌለ ቬንቲላተሩ በኤሌክትሪክ ይነሣና ያናፍሰዋል። ጠቅላላው ነገር ይኸው ነው።

ከሁሉ የተረሳው ክፍል ክዳኑ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች እዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በናታንያ ባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሲር ላሓጽ በሚባለው ድስት ውስጥ ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚቀር ውሃው ከ100 በላይ ቢሞቅም አይፈላም። የራዲያተር ክዳንም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። በብዙ መኪናዎች ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም የሚይዘው ግፊት ነው። በዚህ ግፊት ንጹሕ ውሃ ወደ 120 ዲግሪ ካልተጠጋ አይፈላም፤ ትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይታገሣል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ይሾልካል፣ ፈሳሹ ገና በ100 ዲግሪ ዙሪያ ይፈላል፣ መኪናውም ሌላ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት ይግላል። ክዳን ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። በቆየ መኪና ላይ ከመጠርጠር ይልቅ መለወጡ ይቀላል እንላለን።

እዚሁ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ሞተሩ ግሎ ሳለ ይህ ክዳን ከተከፈተ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነው ፈሳሽ ወዲያው ፈልቶ ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጫል። ጨርቅ ጠምጥሞ መክፈትም አያድንም። በላይኛው የጎማ ቱቦ ላይ እጅን ያለ ሥጋት አሳርፎ ማቆየት እስኪቻልና ቱቦው ሲጨመቅ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ክዳኑ አይነካ። ይህም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ በሓምሲን ቀን ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

በመንገድ ላይ ሳለን ቀስቱ ሲወጣ

በብዙ መኪናዎች ላይ ያለው የሙቀት ቀስት ሙሉ እውነቱን አይናገርም። ሹፌሩን እንዳያስጨንቅ ተብሎ ሙቀቱ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ አካባቢ ሲወጣና ሲወርድ ቀስቱ መሃል ላይ ተተክሎ እንዲቆይ ተደርጎ ተሠርቷል። ስለዚህ ቀስቱ ከመሃል ተነሥቶ መውጣት ሲጀምር ነገሩ ገና ጀመረ ማለት አይደለም፤ ቆየት ብሏል። አንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ቀስት የላቸውም፤ ሰማያዊ መብራት ሞተሩ ገና አለመሞቁን፣ ቀይ መብራት ደግሞ መጋሉን ይናገራል። ቀይ መብራት ካያችሁ «ቤት ልድረስ» አይባልም።

ቀስቱ መውጣት እንደጀመረ መዝጋኑን አጥፉ። ከዚያ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ሙቀትና እስከ መጨረሻው ነፋስ ክፈቱ። በነሐሴ ወር ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን ከመሪው ፊት ያለው ማሞቂያ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። መስኮቱን ከፍታችሁ ደህና መቆሚያ ፈልጉ። ቀስቱ ካልወረደ፣ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ወዲያው ከመንገዱ ወጥታችሁ ሞተሩን አጥፉ።

ማሞቂያውን ስትከፍቱ የሚመጣው አየር ራሱ ምርመራ ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ፈሳሹ አልቋል ወይም አይዘዋወርም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት ሞተሩን ይገድላል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ቀስቱ ወጥቶ ወጥቶ ድንገት ወደ ታች ቢወርድ፣ ሙቀቱ ግን ካልቀነሰ፣ «ተመስገን በረደ» ብላችሁ አትቀጥሉ። ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ፈሳሽ ውስጥ ካልተነከረ በትክክል አይለካም፤ ፈሳሹ ሲያልቅ በባዶ ቦታ ይቀርና የውሸት ይናገራል።

ከቆማችሁ በኋላ ከመኪናው ከመውረዳችሁ በፊት ቢጫውን አንጸባራቂ ሰደርያ፣ አፎድ ዞሔር የሚባለውን፣ ልበሱ። ልጆችና ሽማግሌዎች ከመንገድ መከላከያው ብረት ጀርባ ይሁኑ እንጂ በመኪናው ውስጥ ወይም በስተኋላው አይቁሙ። በፈጣን መንገድ ዳር ከሞተሩ ሙቀት ይልቅ ከኋላ የሚመጣው መኪና ያስፈራል። አደጋ ካለ ፖሊስ በ100 ይጠራል። ይዲዲም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በ1230 ስትደውሉለት በመንገድ ላይ በነጻ ይረዳል። የመኪና መድን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የግሪራ አገልግሎት የገዛችሁ መሆን አለመሆናችሁን ዛሬውኑ ከወረቀታችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው ከፍሎበት ሳለ ሳያውቅ ለጎታች መኪና እንደገና ይከፍላል።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ በውጭም ሆነ በውስጥ፣ አይገባም። ምጣድ በእሳት ላይ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። የሞተሩ ራስም በብዙ መኪናዎች ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ዋናው ጥያቄ፦ የሚግለው መቼ ነው?

ልምድ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል፤ ካላወቃችሁ ግን አንዱን ዕቃ እየለወጠ በሌላው ሲሞክር ገንዘቡ የእናንተ ነው።

በከተማ ውስጥ፣ በፕካክ ቆሞ ሳለ የሚግል፣ ወደ ፈጣን መንገድ ሲወጣ ግን የሚበርድ መኪና ነፋስ ጎድሎታል። ሲሮጥ የተፈጥሮ ነፋስ ያገኛል፤ ሲቆም ቬንቲላተሩ መነሣት ነበረበት፣ አልተነሣም። ይህን በቤታችሁ ደጃፍ መመርመር ይቻላል። ሞተሩን አስነሡና መዝጋኑን ክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ቬንቲላተሩ ወዲያው ወይም በጥቂት ጊዜ ውስጥ መዞር አለበት። ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል፣ ቀጥሎ ሪሌ የሚባለው ትንሽ ሳጥን፣ ከዚያም ሶኬቱ፣ በመጨረሻ ራሱ የቬንቲላተሩ ሞተር። አንዳንድ ሙሳኽ በቀጥታ ሜአቭሬሩን ልለውጥ ይላል፤ ፊውዙና ሪሌው ታይተው እንደሆነ ጠይቁ። እጃችሁንና የልብሳችሁን ጫፍ፣ ነጠላና ሻሽ ጭምር፣ ከቬንቲላተሩ አርቁ። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በድንገት ሊነሣ ይችላል።

ቬንቲላተሩ እየዞረም በፕካክ የሚግል ከሆነ የራዲያተሩን ፊት ተመልከቱ። በመዝጋኑ ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል አቧራ፣ ቅጠል፣ ላባና የሞቱ ነፍሳት ተጠቅጥቀው ይገኛሉ፤ በተለይ በደቡብ፣ በቤርሼባና በኔቲቮት አካባቢ፣ አሸዋው አይጣል ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ማጠብ ይረዳል። በከፍተኛ ግፊት ማጠብ ግን ቀጫጭኖቹን ቅጠላ ቅጠል ብረቶች ያጣምማል።

የተገላቢጦሹ፣ ማለትም በከተማ ደህና ሆኖ በዳገት ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚግል መኪና፣ ነፋስ ሳይሆን ፈሳሽ ነው የጎደለው። ከሙት ባሕር ዳር እስከ ኢየሩሳሌም የሚወጣው መንገድ ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ1200 ሜትር በላይ ያስወጣል። ቤተሰብ ጭኖ፣ መዝጋን ከፍቶ፣ በበጋ ይህን ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተሩ ከሚችለው ሙቀት ሁሉ አብዛኛውን ያመነጫል። በከተማ ያልታየ ድካም እዚህ ይገለጣል። ራዲያተሩ በውስጡ በዝገትና በደለል ግማሹ ተደፍኖ ከሆነ፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ምላሶች ተበልተው ከሆነ፣ ወይም ቴርሞስታቱ በግማሽ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ፈሳሹ በበቂ ፍጥነት አይዘዋወርም። የታችኛው የጎማ ቱቦ አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑ ስለሚስበው ተጣብቆ ይዘጋል፤ መኪናው ሲቆም ተመልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ በሙሳኽ ቆሞ ሲታይ ምንም ጉድለት የለውም። የውሃ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ከመዘውሩ ሥር እርጥበት ወይም የደረቀ የቀለም ነጠብጣብ ያሳያል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። በአንዳንድ መኪናዎች ፓምፑን የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ቺንጋ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቺንጋው ጊዜው ደርሶ ሲለወጥ ፓምፑንም አብሮ ማስለወጥ ብልህነት ነው፤ ድካሙ አንድ ነውና።

ሦስተኛው ዓይነት ገና ከተነሣ አምስትና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው የሚግል ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ መቅረቱን ወይም በቱቦዎቹ ውስጥ አየር መታሰሩን ያሳያል። ቀስቱ ከመሃል እያለፈ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ትልቁ ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ አልተከፈተም ማለት ነው። የአየር መታሰር በተለይ ፈሳሹ በቅርቡ ተለውጦ ከሆነ ይጠረጠራል፤ አየሩ በደንብ ካልወጣ አዲስ የተሠራ መኪና በማግሥቱ ይግላል፣ ባለቤቱም ሌላ ዕቃ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

ስለ ቴርሞስታት አንድ ልማድ አለ፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ የምናውቀው ነው። መካኒኩ አውጥቶ ይጥለውና «አገሩ ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ይላል። አንስማማም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱን ለማግኘት ይቸገራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ፈሳሹ ወደ ራዲያተሩ በመሄድ ፈንታ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ስለሚገባ ሙቀቱ ይብሳል። አዲስ ቴርሞስታት ርካሽ ነው፤ ይለወጥ።

ፈሳሹ የት ይሄዳል?

ጤነኛ መኪና ፈሳሽ አይጠጣም። በዓመት ትንሽ ዝቅ ቢል ያስኬዳል፤ በየሳምንቱ መጨመር ካለባችሁ ግን አንድ ቦታ ይሾልካል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የፈሳሹን ማጠራቀሚያ ሳጥን ተመልከቱና በሁለቱ ምልክቶች መካከል የት እንደቆመ በስልክ ፎቶ አንሡት። ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት እንደገና ማንሣት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለመካኒክ ማቅረብ አይቻልም።

በመኪናው ሥር የሚንጠባጠበውን በነጭ ካርቶን ተቀበሉት። በበጋ መዝጋን ከሠራ በኋላ በተሳፋሪው እግር በኩል የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ጉዳት የለውም፣ የመዝጋኑ ላብ ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው ግን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ወይም ድመት ሊልሰው ይችላልና ከወለል ላይ ወዲያው ይታጠብ፣ ትርፉም በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ። በውጭ ምንም ጠብታ ሳይኖር በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ከረጠበና መስተዋቱ በቅባት መሰል ጉም ከተሸፈነ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ጠብታው በዓይን ካልተገኘ ሙሳኹ የግፊት ምርመራ ያደርጋል። በክዳኑ ቦታ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ይገጥምና ግፊት ይሰጣል፤ የፓምፑ ቀስት ቀስ እያለ ከወረደ አንድ ቦታ ያፈሳል። ሥራው ቀላል ነው፣ ረጅም ጊዜም አይወስድም።

«አተም ሮሽ» ሲባል

ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ቃል ይህ ነው። ሮሽ የሞተሩ ራስ ነው፤ አተም ሮሽ ማለት በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል የሚገባው፣ እሳቱን፣ ዘይቱንና ፈሳሹን ለየብቻ የሚያቆየው ስስ ጋስኬት ነው። «ኒስራፍ» ካሉት ተቃጠለ ማለታቸው ነው። ሞተር አንድ ጊዜ በኃይል ሲግል ራሱ ይጣመምና ጋስኬቱ ይለቃል። ለመሥራት ራሱ ይፈታል፣ ለመላግ ይላካል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ወጪው በሺህ የሚቆጠረው አብዛኛው የእጅ ዋጋ ስለሆነ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሞተሩ ሞቆም ከጭስ ማውጫው ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ይወጣል። ፈሳሹ በውጭ ሳይታይ ይጎድላል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦዎቹ ገና ሳይሞቁ እንደ ድንጋይ ይጠጥራሉ፤ የእሳቱ ግፊት ወደ ፈሳሹ ገብቷልና። በማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይንፈቀፈቃል። በዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ቡና በወተት ይመስላል። ዘይቱ እንዲህ ከሆነ ሞተሩን ጨርሶ አታስነሡት።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በዘይት መጨመሪያው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ብቻ የሚታይ ትንሽ ነጭ ክሬም፣ በተለይ በክረምት አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ፣ የአየር እርጥበት የፈጠረው ሊሆን ይችላል። በክረምት ጠዋት የሚታየውና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው ነጭ ጭስም እንዲሁ ነው። በዚህ ብቻ ሮሽ ይፈታ ሲባል መስማማት የለባችሁም። ቁርጡን የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት የመስተዋት ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረግና ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር በውስጡ ይሳባል። የተቃጠለ ጋዝ ካለ በቤንዚን ሞተር ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ደንበኛው ቆሞ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። እኛ የምንመክረው ይህን ሳታዩ ሮሹ እንዳይፈታ ነው። ጥሩ መካኒክ በጥያቄው አይቆጣም።

ሮሹ ከተፈታ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩን ያጋለው ነገር መታወቅ አለበት። ጋስኬቱ ተለውጦ የተደፈነው ራዲያተር ከነበረበት ከቀረ በሚቀጥለው በጋ ያው ወጪ ይመለሳል። «ለምን ጋለ?» የሚለው ጥያቄ ከክፍያ በፊት ይመለስ።

ስለ ውሃና ስለ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ

ኖዜል ኪሩር የሚባለውን ፈሳሽ ለበረዶ አገር ብቻ የሚሆን አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ስሕተት ነው። የመፍላት ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ዝገትን ይከላከላል። ከቧንቧ የሚወጣው የዚህ አገር ውሃ በብዙ ቦታ ኖራ አለው፤ የሻይ ኩምኩማችሁን ውስጥ ብታዩ ነጩን ቅርፊት ታገኛላችሁ፣ ኣቫኒት ይሉታል። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። በመንገድ ላይ ለቀረ ሰው ሌላ ከሌለ የመጠጥ ውሃም ነፍስ ያድናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈሳሹ ተቀድቶ ትክክለኛው ይሞላ። በጠርሙሱ ላይ «ለመጠቀም ዝግጁ» ተብሎ ካልተጻፈ ከተጣራ ውሃ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ፣ ይቀላቀላል። ቀለሙ መለያ አይሆንም፤ ዓይነቱ ከመኪናው መጽሐፍ ይታይ፣ የተለያየ ዓይነትም አይደባለቅ።

በራዲያተር ውስጥ እንቁላል ወይም የሚያፈሰውን ይደፍናል የተባለ ዱቄት የሚጨምር ሰው አለ። ቀዳዳውን የደፈነው ነገር ሌላውን ቀጭን ቱቦም ይደፍነዋል። ከምድረ በዳ ወጥቶ ሰው ዘንድ ለመድረስ ካልሆነ አይመከርም።

በሙሳኽ

በብዙ ቤቶች ከመካኒኩ ጋር የሚነጋገረው በዕብራይስጥ ያደገው ልጅ ነው፤ አባት አጠገቡ ቆሞ ያዳምጣል። ልጁ ደግሞ ዕብራይስጡን ቢያውቅም መኪናውን ያልነዳው እርሱ ነውና ዋናውን ነገር፣ መቼ እንደሚግል፣ ሳይናገር ይቀራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ በፕካክ ነው ወይስ በዳገት? መዝጋን ሲከፈት ይብሳል ወይ? ፈሳሽ በስንት ቀን ስንት ሊትር ይጎድላል? መጨረሻ ምን ተለወጠለት? ቃላቱም እነሆ። ሂትሓሜሙት መጋል ነው፣ ኔዚላ ማፍሰስ ነው፣ ማሽኤቫት ማይም የውሃ ፓምፕ፣ ሜአቭሬር ቬንቲላተር፣ ጺኖር ቱቦ፣ ማድ ሖም የሙቀት መለኪያ። ራዲያተርና ቴርሞስታት በዕብራይስጥም ያው ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሃጻዓት መሒር፣ ማለትም የዋጋ ግምት፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከተጻፈው ውጭ ሌላ ነገር ከተገኘ ሳይደውሉ እንዳይሠሩ ንገሯቸው። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ግምቱ ብዙ ሺህ ከሆነና መኪናው ያን ያህል ካላወጣ፣ ሁለተኛ ሙሳኽ ማሳየት ነውር አይደለም። በአውሮፓ ደንብ ከ2001 ጀምሮ የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ከመሪው አካባቢ የኮምፒዩተር መሰኪያ አላቸው፤ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ ማንበቢያ ተገዝቶ ቢሰካ የሞተሩን ሙቀት በቁጥር ያሳያል። ቀስቱ የሚደብቀውን 105 ወይም 112 ዲግሪ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለወጣቶቻችሁ ስጧቸው፣ በደቂቃ ያስነሡታል።

መኪናው ተሠርቶ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን ረጅም መንገድ አትውጡበት። በሰፈር አካባቢ ነድታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ የፈሳሹን መጠን ከትናንቱ ፎቶ ጋር አስተያዩ። አየር ከወጣለት በኋላ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሞልታችሁ በሦስተኛው ቀንም ከወረደ ሔሽቦኒቱን ይዛችሁ ወደዚያው ሙሳኽ ተመለሱ።